ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፦ አደጋው ከሰማይ ብቻ ነው የሚመጣው?

ይቺ ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቧት።

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ዜና እንሰማለን። ወንዝ ሞላ፣ አጥር ተደረመሰ፣ ቤት ውስጥ ውሃ ገባ፣ ሰው ተወሰደ። መጨረሻ ላይ «የተፈጥሮ አደጋ» ይባልና ወሬው ይዘጋል። የታሪክ መምህር ነኝና ይህ አባባል ሁሌም ይከነክነኛል። ዝናቡ የተፈጥሮ ነው፣ አያከራክርም። ያ ቤተሰብ ግን ወንዝ አፋፍ ላይ ቤት እንዲሠራ ያደረገው ተፈጥሮ አይደለም። እሱ ዓመተ ምሕረት ያለው፣ አዋጅ ያለው፣ የመሬት ዋጋ ያለው ታሪክ ነው።

ባለሙያዎች ነገሩን በሦስት ከፍለው ያዩታል። አንደኛው ክስተቱ ነው፦ ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት፣ ድርቅ፣ እሳት። ሁለተኛው ክስተቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መገኘት ነው። ሦስተኛው ክስተቱ ሲመጣ የመቋቋም አቅም ማጣት ነው፦ የጭቃ ቤት፣ ባዶ ኪስ፣ ማምለጥ የማይችል አካል፣ የሚያስጠነቅቅ ሰው ማጣት። ያው ዝናብ አንዱ ግቢ ውስጥ አትክልት ሲያጠጣ ሌላው ግቢ ውስጥ ግድግዳ የሚጥለው ለዚህ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሰው ሥራ ናቸው። ዛሬ እስቲ በእኛው ሰፈር፣ አዲስ አበባን ከብበው በተቀመጡት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እነዚህ ሁለቱ እንዴት እንደተሠሩ እንይ።

በመጀመሪያ ስለ ከተማ

«ከተማ» የሚለው ቃል ድሮ የንጉሥና የጦሩ ሰፈር ማለት ነበር። ንጉሥ ይሰፍራል፣ ሠራዊቱ በዙሪያው ይሰፍራል። ማገዶው ሲያልቅ፣ ሣሩ ሲጋጥ፣ ውሃው ሲቆሽሽ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይሰፍራል። የተጎዳው መሬት ያርፋል። አኗኗሩ ገበሬውን ክፉኛ የሚያስመርር ነበር፤ የሰፈረው ጦር የሚበላው የእሱን እህል ነውና። ግን ሰፈሩ ራሱ ችግር ሲመጣበት የሚሸሽበት እግር ነበረው።

ምኒልክም በዚሁ ልማድ ከአንኮበር ወደ ሊቼ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ መጡ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ብዙም ሳይቆይ የእንጦጦ ደን ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አለቀ። ታድያ ምን ታሰበ? እንደ ልማዱ መነሣት! በ1890ዎቹ ምኒልክ በስተ ምዕራብ ጫካ ወዳለበት አገር፣ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ዛሬ ቡራዩን አቋርጦ ወደ ሆለታና አምቦ የሚሄደው መሥመር ነው።

ግን አልተዛወሩም። መንግሥቱ ድንጋይ ቤት ሠርቶ፣ ኤምባሲዎች ቦታ ይዘው፣ ነጋዴው ገበያ ተክሎ ነበር። ከዚህ ሌላ በ1880ዎቹ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ የማገዶውን ጥያቄ መለሰ። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፉም ያለ ነቀፋ አላለፈም፤ ውሃ ያደርቃል ተብሎ ገና በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በሌላ ዛፍ እንዲተካ ታዝዞ ነበር። ትእዛዙን ግን ብዙ ሰው አልፈጸመውም።

ይቺን ነጥብ ያዙልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማዋ መዞር አቆመች። እሷ ወደ ማገዶው፣ ወደ ውሃውና ወደ ድንጋዩ መሄዷ ቀርቶ ማገዶው፣ ውሃውና ድንጋዩ ወደ እሷ ይመጣ ጀመር። ከየት? ከዙሪያዋ። ማለትም ከእኛ።

ዙሪያው የሰጠው፣ ዙሪያው የተቀበለው

ካርታ አውጡና ተመልከቱ። የእንጦጦ ጀርባ ውሃ ከፋይ ነው። በስተ ሰሜን የወረደ ጠብታ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። በስተ ደቡብ የወረደው ወደ አዋሽ ነው። ቡራዩ የትንሹ አቃቂ ራስጌ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ የሚወርደው ውሃ የአዲስ አበባን ምዕራባዊ ሰፈሮች አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳል። ሰበታ ደግሞ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ናት፤ ወንዟ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

አዲስ አበባ በመጀመሪያ የጠጣችው የእንጦጦን ምንጮች ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለቤተ መንግሥቱ በቧንቧ ያወረደውም ከዚያው ነው። ሕዝቡ ሲበዛ ምንጩ አልበቃም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ ቡራዩ አጠገብ የገፈርሳ ግድብ ተሠራ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መግቢያ ድሬ ተከተሉ። ሦስቱም ውሃ የያዙት በዙሪያው መሬት ላይ ነው። ሰበታ በወጨጫ ንጹሕ ምንጭ ምክንያት በ1950ዎቹ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካን አገኘች። ሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች አገር ሆነች። ይህን ሁሉ ውሃ የሚሰጥ አካባቢ ነዋሪው ግን ዛሬም በቢጫ ጄሪካን ውሃ ሲያመላልስ ታያላችሁ።

ውሃ ብቻ አይደለም። የከተማዋ ፎቅ የተሠራው ከዙሪያዋ ካባ በወጣ ድንጋይ ነው። ካባው ተቆፍሮ ሲያልቅ ገደሉ ይቀራል። ክረምት ሲመጣ ኩሬ ይሆናል፤ ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ። ይህንን የማያውቅ ቡራዩ ያደገ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ከተማዋ ወደ ውጭ የላከችውስ? ይህንን ለመረዳት ትንሽ ወደ ደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ፣ ወደ ቆሼ እንሂድ። ቆሼ ቆሻሻ መጣያ ሲሆን ከከተማ ዳር ነበር። ከ50 ዓመት በላይ ሲከመርበት ከተማዋ ደርሳበት መሐሏ አስገባችው። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ፣ ማለትም ወደ ዙሪያው እንዲዛወር ተደረገ። የሰንዳፋ ገበሬዎች ሽታውንና የውሃ መበከሉን ተቃውመው በዚያው ዓመት ሥራው ተቋረጠ፤ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ተራራው ሥር ቤት የሠሩትም ሌላ ቦታ ያልቀናቸው ሰዎች ነበሩ። ያንን አደጋ የተፈጥሮ ነው ለማለት የደፈረ ሰው አልሰማሁም። የወንዝ ዳሩ ቤትም ሎጂኩ ያው ነው፤ እዚያ የሚናደው ውሃ መሆኑ ብቻ ነው የሚለየው።

ሰው እንዴት እዚያ ደረሰ?

«ታድያ ሰዎቹ ለምን ወንዝ ዳር ይሠራሉ? አያዩም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ክፍል ውስጥም ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል። መልሱ ሦስት ደረጃ አለው።

አንደኛ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የጭሰኛው ኪራይ ቀነሰ፣ ብዙ ድሃ እፎይ አለ። ነገር ግን የሚከራይ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ፤ መንግሥትም ለሚበዛው ሕዝብ የሚበቃ አልሠራም።

ሁለተኛ፣ በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ ሆነ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 አጠበቀው። ጨረታ ላይ የሚቀርብ ዋጋ የመምህርን ደመወዝ፣ የሹፌርን ገቢ፣ የጉልት ነጋዴን ዕቁብ አይጠብቅም። መሐል ከተማው ሲፈርስና ሲታደስ ደግሞ ተከራዩ ወደ ዳር ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ዳር ላይ ገበሬ አለ። ገበሬው መሬቱ አንድ ቀን በትንሽ ካሣ እንደሚወሰድበት ያውቃል። በሕግ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ በመንደር ውል፣ በምስክር ፊት፣ ካሬ በካሬ ይሸጣል። ገዢው ሌሊቱን ግድግዳ አቁሞ ቆርቆሮ ይመታል። ሲነጋ ቤት ነው። «ጨረቃ ቤት» ያልነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አስተውሉ። ገበሬ ሲሸጥ የትኛውን መሬት ቀድሞ ይሸጣል? ጤፍ የሚያበቅለውን ነው? በፍጹም! በክረምት ውሃ የሚተኛበትን፣ ቁልቁለቱን፣ ወንዙ የሚገምሰውን ነው። ዋጋውም ርካሽ ነው። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት የሚያውቀው ሻጩ ነው። በበጋ መጥቶ የገዛው ሰው የሚያውቀው ሐምሌ ላይ ነው።

ሰበታ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 49 ሺህ ሕዝብ ነበራት። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንዳበጠች በዓይናችን ያየነው ነው። ፋብሪካው፣ ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የባቡር ሐዲድ፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ ሁሉም ሰው ጠራ። ሦስቱ ከተሞች ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ ሊያቅድ የወጣው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከባድ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት፣ በ2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። የገበሬው ሥጋት እውነተኛ ሥጋት ነበር። ወንዙ ግን አስተዳደር አያውቅም። ቡራዩ ላይ የተመነጠረ ቁልቁለት ኮልፌ ላይ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል።

መንግሥታት ለምን አላዩትም?

በአገራችን ትዝታ አደጋ ማለት ረሃብ ነው። የ1880ዎቹ ክፉ ቀን፣ የ1966ቱ ወሎ፣ የ1977ቱ። ተቋሞቻችንም በዚያ ልክ ተሰፉ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተወለደው ከወሎ ረሃብ ነው። ሥራው ገጠር ነበር፤ የሚያየው ዝናብ ሲቀር ነው እንጂ ሲበዛ አልነበረም። ይህ ተገቢ ነበር፤ የሚሞተው ሕዝብ እዚያ ነበርና። ግን የከተማ አደጋ ለረጅም ጊዜ ባለቤት አጣ። ለማዘጋጃ ቤቱ የፍሳሽ ጉዳይ ነው፣ ለእሳት አደጋ የደወል ጉዳይ ነው፣ ለቀበሌው የብርድ ልብስ ጉዳይ ነው።

ያነቃን ድሬዳዋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሕዝብ ተኝቶ ሳለ ደጫቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ በብዛት የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነበር፤ ጎርፉ የደረሰው ታች በደረቅ አሸዋ ዳር ለተኙት ነው። ደጫቱ ከዚያ በፊትም ደጋግሞ ሞልቶ ያውቃል። ወንዙ ለወራት ደረቅ ስለሚሆን ግን ሰው ገበያም ቤትም አደረገው። ከጥፋቱ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኸ ነው። የእኛ ከተሞች ግን ጅቡ ገና አልሄደም፤ ለመጮህ ጊዜ አለን።

ሦስት ከተማ፣ ሦስት ዓይነት ተጋላጭነት

ሦስቱን «የአዲስ አበባ ዙሪያ» ብሎ በአንድ ቅጽ መሙላት ስህተት ነው። ቡራዩ ተዳፋት ናት። ችግሯ ፍጥነት ነው፦ ውሃው ከላይ በኃይል ይወርዳል፣ ቦረቦሩ በየዓመቱ ይሰፋል፣ ካባው ጠርዝ ላይ ያለ ቤት ሥሩ ይበላል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ሜዳ ናት። ችግሯ መተኛት ነው፦ ውሃው መሄጃ አጥቶ ይከርማል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቤቱም አብሮት ይሰነጠቃል። ያ ሜዳ ድሮ ሣር ነበር፣ ድርቆሽና ወተት ለአዲስ አበባ የሚሰጥ። በክረምት ውሃ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቅ ስፖንጅ ነበር ማለት ነው። ሰበታ ሁለቱም አለባት፦ ከላይ ወጨጫ፣ ከታች እስከ በቾ የሚዘልቅ አዋሽ በየክረምቱ የሚተኛበት ሜዳ። በላዩ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ አለ፤ ስለዚህ ጎርፉ ቤት ሲገባ ውሃ ብቻ ይዞ አይገባም።

ደግሞ ማን እንደሚኖር መታየት አለበት። ሰበታ ስንል ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚመጣው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ነው። እስቲ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ብቻ ምሰሶ ላይ ሲለጠፍ አስቡት። ለማን ነው የተለጠፈው? አቅም ያልኳችሁ ይህ ነው። ከሦስት ሕፃናት ጋር ብቻዋን የምትኖር የፋብሪካ ሠራተኛ የሌሊት ተራ ላይ ሳለች ወንዙ ቢሞላ በሩን ማን ያንኳኳል?

አየሩም እየተለወጠ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲጥል በአንድ ጊዜ ያፈስሰዋል። ሳይንቲስቶች ለምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ እየበረታ እንደሚሄድ የሚናገሩት ለዚህ ነው። ሣሩ በቆርቆሮ፣ አፈሩ በኮብልስቶን በተሸፈነበት ሰዓት ነው ይህ የሚመጣብን።

ማፍረስ መልስ ነው?

አንዳንዱ ወዲያው «ሕገ ወጥ ነው፣ ይፍረስ» ይላል። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ሲመሠረት ብዙ ቤቶች መፍረሳቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሰው በእርግጥ ሊኖርበት የማይገባ ቦታ አለ፤ ይህን አልክድም። ግን የፈረሰበት ሰው አይጠፋም። ዕቃውን ጭኖ፣ ቁጠባው ተሟጦ፣ ከበፊቱ የባሰ ርካሽ ቦታ ፍለጋ ይሄዳል። ርካሽ ቦታ ማለት ምን እንደሆነ ከላይ አይተናል። ምትክ ሳይሰጡ ማፍረስ ተጋላጭነትን ከአንድ ወንዝ ዳር ወደ ሌላ ወንዝ ዳር ማዛወር ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። በእኛ አገር የቤት ባለቤትነት ማስረጃው «ካርታ» ይባላል። የተጋላጭነት ጥናት ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከማዘጋጃ ቤት መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ካርታ ያለው ሰው ነው። ካርታ ያለው ሰው ደግሞ በአብዛኛው ደህና ቦታ ላይ ያለ ነው። እንግዲህ ካርታ የሌለው ሰው ካርታ ላይም አይታይም ማለት ነው። በጣም የተጋለጠው ሰው ከጥናቱ ውጭ ይሆናል። ሰውየውም ከተመዘገብኩ ይፈርስብኛል ብሎ ስለሚፈራ መዝጋቢ ሲመጣ በሩን ይዘጋል። መመዝገብ ለመትረፍ እንጂ ለመፍረስ እንዳልሆነ ካልተረጋገጠለት የሚያዋጣ ጥናት አይኖርም።

የቦታ ስም ያነበበ

እኔ የማስተምረው ቡራዩ ነው። ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ፦ የምትኖሩበት ቦታ የድሮ ስሙ ማን ነው? ቤት ከመሠራቱ በፊት ምን ነበረበት? ውሃ እስከየት ደርሶ ያውቃል? ሲመጣ ማን ለማን ይነግር ነበር? የሚጠይቁት የሠፈሩን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነው፤ አዲስ መጤውን አይደለም።

አንዷ ተማሪ አሁን ኮብልስቶን የተነጠፈበት ሠፈሯ ዱሮ በክረምት ከብት የማይነዳበት ረግረግ እንደነበር ሰምታ መጣች። ሌላው ምንም ያልመሰለው የቦታ ስም በአፋን ኦሮሞ ትርጉም እንዳለው አወቀ። እናንተም ልብ በሉ። «ለገ» ወንዝ ነው። «ጨፌ» ውሃማ መስክ ነው። «ቡርቃ» ምንጭ ነው። «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ ነው። «ቱሉ» ኮረብታ ነው። አባቶች ጂፒኤስ አልነበራቸውም፤ የማስጠንቀቂያ ምልክታቸውን ስሙ ላይ ትተውልናል። እኛ ስሙን በብሎክ ቁጥር ቀይረን ጨፌው ላይ መሠረት እንቆፍራለን።

ጥንትም አርቆ ማሰብ ነበር። ከወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ደኑ እስከ ዛሬ ተዳፋቱን ይዞ ውሃውን ያዘገያል። እሱ ባይኖር ከታች ያሉት ምን ይሆኑ እንደነበር መገመት አያቅትም።

እንግዲህ የምለው ይህንን ነው። የከተማ ተጋላጭነት ይጠና፤ ዘመናዊው መሣሪያም፣ የሳተላይት ምስሉም ይምጣ። ግን ከገበሬው፣ ከአሮጊቷና ከጨረቃ ቤቱ ነዋሪ ይጀመር። ሦስቱ ከተሞችና አዲስ አበባ አስተዳደራቸው ቢለያይም ስለ ውሃቸው አንድ ጠረጴዛ ይኑራቸው። ውሃ የሰጠ፣ ድንጋይ የሰጠ፣ የከተማዋን ድሃ የተቀበለ ዙሪያ ቢያንስ ከላይ ዝናብ ሲጥል የሚደውልለት ሰው አይጣ።

የቤት ሥራው ለእናንተም ነው። በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ «ቲቸር ጊዜ የለኝም» አይሠራም! ዛሬ ማታ ለእናት ለአባታችሁ ወይም ለሠፈር ሽማግሌ ደውሉ። የሠፈራችሁን የድሮ ስምና ውሃ የደረሰበትን ከኮሜንት ሥር ጻፉልኝ። ሰብስቤ በየከተማው ለይቼ እለጥፈዋለሁ። አዲስ ቦታ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ በበጋ አትግዙ፤ ሐምሌ ላይ ቦት ጫማ አድርጋችሁ ሂዱና መሬቱን እዩት።

ሰላም ክረሙልኝ።